«ይህ ማሳ ይፈለጋል»

አያ ታዘበው በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት የእናታቸውን የመሬት ደብተር በፌስታል ጠቅልለው፣ እህታቸውን አሰጋሽን አስከትለው ከይርጋነሽ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ይርጋነሽ ቢቸና ውስጥ የእርሻ ይዞታ በሚመዘገብበት አንድ ክፍል መረጃ አስገቢ ናት።

ጉዳዩ ቀላል ነበር። እናታቸው በጥር ዐርፈዋል። አሰጋሽ ከባሏ ተፋትታ፣ ካገባችበት ከየጥኖራ ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በስሟ አንድ ጥማድ መሬት የላትም። ወንድሟ የእናታቸውን ማሳ ለሁለት ሊያስመዘግቡ፣ ስሟን ከስማቸው ጎን ሊያስገቡ ፈቅደው መጡ። ምዝገባው ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ድንበሩን በየዓመቱ አንድ ፈር ሲገፉ የኖሩት የአጎታቸው ልጆች ይጠብቃሉ።

ይርጋነሽ ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ የማዞር ልማድ አላት። የሰው ስም ተሳስቶ ሲጻፍ ባለቤቱ አይቶ ያርመኝ ብላ ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው መርቋታል። ያን ቀን ግን ልማዷ ጎዳት። የአሰጋሽን ስም ከነአያቷ ጻፈች፤ ስልክ የላትምና የስልኩን መስመር ባዶ ትታ ቀጥል የሚለውን ስትነካው ከባዶው መስመር ሥር ቀይ ጽሕፈት ብቅ አለ።

አያ ታዘበው በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። በብራና ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የእግዚአብሔርና የቅዱሳን ስም እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቀይ ሲያዩ ጎንበስ ብለው ያነባሉ። ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«ይህ ማሳ ይፈለጋል።»

«ማነው የሚፈልገው?» አሉ።

«ምኑን፣ አያ ታዘበው?»

«ማሳውን ነዋ። ይፈለጋል ይላል እኮ።»

ይርጋነሽ ሳቀች። መሳቋ ሌላ ጥፋት ሆነ። «ኧረ እሱ ስልክ ቁጥር አስገቡ ማለቱ ነው።»

«ስልክ የሚል አላየሁም። ማሳ ነው የሚለው። እስቲ አንብቢው።»

አነበበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይታዋለች፤ አንብባው ግን አታውቅም። «እዚህ ላይ ማሳ ማለት…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ማሳ ማለት ማሳ ነው።

አያ ታዘበው ደብተሩን ቀስ ብለው ወደ ፌስታሉ መለሱት። «ልጄ፣ አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሳላውቅ የእናቴን መሬት ከዚህ ዕቃ ውስጥ አላስገባም» አሉና ተነሡ። አሰጋሽ ተከተለቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ያየችው ይርጋነሽን አልነበረም፤ ስክሪኑን ነበር። ስሟ ገና እዚያው ላይ ነበር።

ይርጋነሽ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ዐሥረኛ ክፍል እንደ ጨረሰች የጽሕፈት ሥራ ተማረች፤ ታይፕራይተሩ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ከዕቃው ጋር አብራ ተሻገረች። ማንም አላስተማራትም ማለት ግን ግፍ ይሆናል፤ በስልኳ እየጫነች ያነበበቻቸውን ትምህርቶች የጻፉ፣ ፊታቸውን አይታ የማታውቃቸው ብዙ ሰዎች አስተምረዋታል፤ በጸሎቷም ስማቸውን ስለማታውቅ «ዕውቀታቸውን ያልደበቁትን» እያለች ታስባቸዋለች። ከደብረ ማርቆስ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዝሙር መፈለጊያ ገጽ ሠርታለች። አንድ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ከጀመረች ምሳዋን ትረሳለች።

ያን ሐሙስም ምሳዋን ረሳች። ያ ዐረፍተ ነገር ከየት መጣ?

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሥርዓቱን የሠራውን ድርጅት ነበር። ባሕር ዳር ደወለች። ስልኩን ያነሣው ወጣት ሰማትና «እኛ አልጻፍነውም፤ ከፍሬምወርኩ ጋር የመጣ ነው። ከላይ ሲታደስ እኛም ጋ ይታደሳል፤ እኛ መንካት አንችልም» አላት።

ፍሬምወርክ ምን እንደሆነ ይርጋነሽ ታውቃለች። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው እንጨት ከመቁረጥ አይጀምርም። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ተጠርቦ የተቀመጠ አለ፤ ያንን ወስዶ ያቆምና ጭቃውን ይመርግበታል። ይህኛው ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጉድለት ያየ ሰው «እዚህ ጋ እንዲህ ብናደርገውስ» ብሎ አስተካክሎ ይልካል፤ ጠባቂዎቹ መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱለታል። ይርጋነሽ ሲላክ አይታለች፤ ልካ ግን አታውቅም።

የፍሬምወርኩን ሙሉ ቅጂ ወደ ላፕቶፗ አወረደችና «ማሳ» የምትለውን ቃል በውስጡ ፈለገች። በብዙ ሺህ ፋይሎች መካከል አንድ ቦታ ብቻ ተገኘች። የአማርኛ ትርጉም የተቀመጠበት ፋይል ነበር፤ ከላይ እንግሊዝኛው፣ ከታች አማርኛው፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ዐረፍተ ነገር። እንግሊዝኛው ባዶውን መስመር «ፊልድ» ይለዋል፤ ፊልድ ደግሞ በመዝገበ ቃላት ሲገለጥ ማሳ ነው። የተጻፈው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የጸሐፊው ስም ሁለት የላቲን ፊደል ብቻ ነው።

ረጅም ጊዜ አየችው። ያ ሰው ማን ይሆን? መዝገበ ቃላት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ሦስት መቶ ሰማንያውን አንድ በአንድ ሲያወጣ ታያት። እሱ ባይጽፍ ኖሮ ስክሪኑ ለአያ ታዘበው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። አልተናደደችበትም። ሊያነበው የሚመጣው ሰው ገበሬ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም።

ዐርብ ዕለት የራሷን ሐሳብ ላከች፤ «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» በሚል ይተካ። ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። መጨረሻ ላይ ያሳጠረችው እንዲህ ነበር፤ «በእኔ ከተማ ይህ ጽሑፍ መንግሥት እርሻህን ይፈልገዋል ማለት ነው። አንድ ሰው አንብቦት መሬቱን ሳያስመዘግብ ሄደ።»

ከጠባቂዎቹ አንዷ፣ ሄልካ የምትባል፣ በዚያው ቀን መለሰች። አመሰገነች፤ ደነገጠችም። ከዚያ ግን ደንቡን አስታወቀች። ከጠባቂዎቹ አማርኛ የሚያነብ የለም፤ ስለዚህ ቋንቋውንም ሙያውንም የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ማጽደቅ አለበት። አዲሱ ዕትም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ከዚያ ያለፈ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ይርጋነሽ የምታውቀው እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በቴሌግራም። ምንይሉ ይባላል፤ ሞጣ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ሰው ሲጠይቀው እየቀለደም ቢሆን ይመልሳል። በስልክ ስትነግረው «ቃል በስልክ አይመዘንም፤ ነይ» አላት። ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባች። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ቁጭ አሉ፤ ምንይሉ የላከችውን አነበበ።

«ቦታ?» አለ። «እትዬ ይርጋነሽ፣ ሞጣ ላይ ‹ይህ ቦታ መሞላት አለበት› ብለሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። በነጋታው የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ታያለሽ። ከተሜ ቦታ ሲሉት የሚመጣለት ሁለት መቶ ካሬ ነው።»

ትክክል ነበር። አፈረች። «ሳጥን ብለውስ?»

«የልብስ ነው የሬሳ?»

«እንግዲያ አንተ ምን ትላለህ?»

«መስክ። መጽሐፉም መስክ ነው የሚለው፤ ተማሪዎቼንም መስክ እያልሁ ነው የማስተምር።»

«ከእናንተ ዘንድ የግጦሽ መስክ አለ?»

«ሞልቶ።»

«አምና የአንተ አገር ሰዎች ከጎረቤት ቀበሌ ጋር የተፈናከቱ በምን ነበር?»

ምንይሉ ሻዩን አማሰለ። «በመስክ» አለ።

«ሕዋስ የሚሉም አሉ» አለች፣ ልትረዳው ብላ።

«እሱስ ይቅር። አባቴ ሕዋስ ሲባል እስካሁን የፓርቲ ስብሰባ የተጠራ እየመሰለው ጫማውን ይፈልጋል።»

እንዲህ አንዱን ቃል ሲያነሡ አንዱን ሲጥሉ ረፋዱ አለቀ። የቆሎ ሳህኑ ባዶ ቀረ። ጎጃም ውስጥ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ አያድርም፤ ሰምና ወርቅ እየተባለ ያደገ ጆሮ አንዱን ሰምቶ ሁለተኛውን ይፈልጋል። በመጨረሻ ይርጋነሽ «ስሙን ለምን አንተወውም? ምንም ስም ሳንጠራ ብንናገርስ?» አለች።

«አይሆንም። ስም የሌለውን ነገር ተማሪ ምን ብሎ ይጠይቀኛል? እኔ እዚያ ላይ ስሜን አላኖርም።»

«ምንይሉ፣ ሰውየው መሬቱን ሳያስመዘግብ ነው የሄደው። የእህቱ ድርሻ ነው።»

ሞጣ ድረስ ለመጣች ሰው እንቢ ማለቱ የከበደው ይመስላል፤ ያላመነበትን ማጽደቁ ግን የበለጠ ከበደው። «ሰውየውን ጠይቀሽዋል?» አለ በኋላ።

«ምኑን?»

«ቃሉን። እኔና አንቺ እዚህ እንከራከራለን፤ አንብቦ የሸሸው እሱ ነው። እሱ አንብቦ የማይሸሸውን አምጪ፤ ያኔ መስክም ባይሆን አጸድቃለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርጋነሽ እስከ አስፓልቱ ጫፍ በባጃጅ ሄዳ የቀረውን በእግሯ ወጣች። አያ ታዘበው ከደጃቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አሰጋሽ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲያዩዋት አልተነሡም፤ ግን ቁጭ በይ አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ፤ የዚያን ቀን ስለሳቅሁ» አለች።

«ሳቅሽ አልከፋኝም። አሁን ማን እንደሚፈልገው ነገሩሽ?»

«ማንም አይፈልገውም። ፈረንጆቹ ማሳንም በወረቀት ላይ ያለ ባዶ መስመርንም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። አንድ የእኛ ሰው በቅንነት ሲተረጉመው ማሳ አለው።»

አያ ታዘበው አሰቡበት። «ፈረንጅ ማሳውን ከባዶ ወረቀት አይለይም?»

«ሳይለዩ አይቀሩም፤ ቃሉ ነው አንድ የሆነ።»

ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። አራት ዐረፍተ ነገር ጽፋበታለች። ለማስረዳት ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ ብላ መስመር ሠራችና የስልኩን ባዶ ተወችው። «አያ ታዘበው፣ ባለጉዳዩ ይህችን ሳይሞላ ሲቀር ምን ብዬ ልንገረው? አራቱንም ያንብቡና የማያስደነግጠውን ይንገሩኝ።»

ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አነበቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«‹ይህ መስክ ያስፈልጋል›። አይሆንም። ‹ይህ ቦታ ይሞላ›። በምን ይሞላ፣ በአፈር? ‹ይህ ክፍል ባዶ ነው›። ባዶ ከሆነ ሰው ይገባበታል። ‹መረጃው የግድ ነው›።» ቀና አሉ። «ይሄ ምንም አይል። የግድ የሚል ነገር ግን አልወድም።»

ወረቀቱን መለሱላት። ይርጋነሽ አጠፈችው። ልትሰናበት ስትል አያ ታዘበው ጣታቸውን ዘርግተው «እስቲ አምጪው» አሉ። ዓይናቸው ከአራቱ ዐረፍተ ነገር ላይ ሳይሆን ከግርጌው ላይ ነበር። በጣታቸው ስም፣ የአባት ስም እያሉ ወረዱና ባዶው መስመር ላይ ቆሙ።

«ይቺን ዘለላት» አሉ።

«ማን?»

«የሚሞላው ሰውዬ። ዳዊት ስንማር አንድ መስመር ካለፍን የኔታ ዓይናቸው ባያይም ይሰማሉ። ‹ዘለልህ› ይላሉ። ማሳ አይሉ፣ ቦታ አይሉ። ዘለልህ ከተባልህ ተመልሰህ ትሞላለህ፤ ሌላ ምን አለው?»

ይርጋነሽ እስክሪብቶዋን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ጻፈች፤ «ይህ ተዘሏል፤ እባክዎ ይሙሉት።» አንብባ አሰማቻቸው። አሰጋሽ ከበሩ ላይ ሆና ለራሷ ደገመችው።

እዚያው ሆና ለምንይሉ ደወለች። አነበበችለት። እሱም «ስሙስ? አሁንም ስም የለውም እኮ» ሲል አያ ታዘበው ስልኩን ተቀበሏት።

«መምህር፣ የተዘለለ ነገር ስም ኖሮት ያውቃል? ስም ቢኖረው መች ይዘለል ነበር?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ምንይሉ «ይበል» አለ። በቅኔ ቤት መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሲቀበል የሚለው ቃል ነው፤ አያ ታዘበው ስልኩን ሲመልሱላት ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ይርጋነሽ አይታ ወደ መሬት አየች፤ የሽማግሌን ደስታ ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው።

ምንይሉ ሰኞ አጸደቀ። ረቡዕ ሄልካ ጻፈች፤ ተቀብለነዋል፣ ገብቷል። ቀጥላም ዐረፍተ ነገሩ ቃል በቃል ምን ይላል ብላ ጠየቀች። ይርጋነሽ «ሲያነብ አንድ መስመር ላለፈ ልጅ መምህሩ የሚለው ነው» ስትል መለሰች። ሄልካ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፤ «በእኔም ቋንቋ ለዚህ የምንጠቀምበት ቃል የእርሻ ነው። ሃያ ዓመት ሳነበው አስተውዬው አላውቅም ነበር። ዛሬ የእኛን ትርጉም ለሚጠብቁት ሰዎች ጻፍሁላቸው» አለች። ይርጋነሽ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከቢቸና ወጣ ያለ መንደር፣ ከመደብ ላይ የተነገረ ቃል አገሩን የማታውቀውን ሰው የራሱን ቋንቋ አስመረመረው። አማተበችና ላፕቶፑን ዘጋች።

ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ባሕር ዳር ስትደውል ያ ወጣት «መልካም ነው፤ እኛ ጋ የሚታደሰው መስከረም ላይ ነው» አላት። ሰኔ ሠላሳ ከመስከረም ይቀድማል። ለአያ ታዘበው ስልክ ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ቃልዎ ገብቷል፣ እዚህ ግን ገና አልደረሰም፣ ቀዩ እንደ ነበረ ነው። «እሺ» ብለው ዘጉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልመጡም። ሁለተኛው ሳምንትም አለፈ። ዝናሙ ገባ። ይርጋነሽ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።

በሰኔ ሃያ አራት መጡ፤ እሳቸውም አሰጋሽም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ፌስታሉ ከአሰጋሽ እጅ ነበር።

«ዘር ላይ ነበርን» አሉ አያ ታዘበው ሲቀመጡ። «አዙሪው፣ ልየው።»

«አያ ታዘበው፣ ያው ያ ቃል ቢወጣስ?»

«ይውጣ። የኔ ቃል እስኪደርስ የተርጓሚውን እታገሠዋለሁ። አሁን ምን ማለት እንደፈለገ አውቃለሁ።»

አልወጣም። አሰጋሽ የወንድሟን ስልክ ቁጥር በቃሏ ነገረቻት፤ አንድም የተዘለለ መስመር አልቀረም። ይርጋነሽ ቀጥል የሚለውን ስትነካው የመጨረሻው ገጽ ተከፈተ። የሁለቱ ስም ጎን ለጎን፣ የማሳው ስፋት፣ አራቱ አዋሳኝ። ከሥሩ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ ነበር። ይህንንም ይርጋነሽ ሁለት ዓመት ስትነካው ኖራለች።

«ይሄኛውስ ምን ይላል?» አሉ አያ ታዘበው፤ መነጽር የላቸውም፣ ፊደሉ ደግሞ ትንሽ ነበር።

ይርጋነሽ አየችው። ይህንንም አንብባው አታውቅም ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት አሰጋሽ ቀደመቻት፤ ጠጋ ብላ ፊደል በፊደል፤ «አ-ስ-ረ-ክ-ብ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናሙ ይወርዳል።

«ለማን?» አሉ አያ ታዘበው።

«አያ» አለች አሰጋሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ሁሉም ቃል እስኪስተካከል ከጠበቅን የኔ ስም ለፍልሰታም አይገባ።» ወደ ይርጋነሽ ዞረች። «በየቱ ነው የሚነካ?»

ይርጋነሽ ማውዙን አቀረበችላት። አሰጋሽ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ የስክሪኑ ቀስት ሁለት ጊዜ ቁልፉን አለፈችው፤ በሦስተኛው ቁልፉ ላይ አቆመቻትና ተጫነች። አታሚው አጉረመረመ፤ ሁለት ስም ያለበት ወረቀት አወጣ። አሰጋሽ ወረቀቱን ወስዳ መጀመሪያ የራሷን አነበበች፤ ከዚያ የወንድሟን፤ ከዚያ እንደገና የራሷን።

አያ ታዘበው በትራቸውን ይዘው ተነሥተው ነበር። ይርጋነሽ ግን ማስታወሻዋን ገልጣ «አስረክብ» ብላ ጽፋ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች።

«አያ ታዘበው፣ እርስዎ ቢሆኑ ይህችን ምን ይሏት ነበር?»

አያ ታዘበው በሩን አዩ፤ ዝናሙን አዩ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እስቲ ምን ማለት እንደፈለገ መጀመሪያ ንገሪኝ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።